ጎብኚና ተሳላሚ

ዛሬ መንገድ ቀሎአል። አባቶቻችን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲነሡ ዕዳቸውን ከፍለው፥ ከተጣሉት ታርቀው፥ ቤተ ሰባቸውን ተሰናብተው፥ በኑብያና በምስር በረሓ ወራት ሙሉ እየተጓዙ፥ ከመካከላቸውም ብዙዎች በመንገድ እየቀሩ ነበር የሚደርሱት። አሁን ግን ጧት ከቤቱ የወጣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐዋርያት የሰበኩበትን፥ ሊቃውንት ስለ ሃይማኖት የተሰበሰቡበትን አገር ይረግጣል። በውጭ አገር የሚኖሩ ምእመናኖቻችንም ከሥራ ፈቃድ ባገኙ ጊዜ ማኅበር እየሆኑ ወደ ሮም፥ ወደ ግሪክ፥ ወደ ቱርክ አገር ይሄዳሉ። ከዚህም የተነሣ ለካህናት ደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ «ቅዳሴ የተቋረጠበትን፥ ፍርስራሹ ብቻ የቀረውን ወይም ለሌላ ሃይማኖት የዋለውን የጥንት ቤተ ክርስቲያን ለማየት መሄድ ለነፍስ ይጠቅማልን? ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?» የሚል ነው።

እኛም ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ስንመልስ ኖረናል። የኑሲስ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ጎርጎርዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው መልእክት የቦታ መለወጥ ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ፥ ልቡናው በክፉ አሳብ የተሞላ ሰው በጎልጎታም ቢቆም ከክርስቶስ የራቀ እንደ ሆነ አስተምሮአል። ጌታችንም ሳምራዊቷ ሴት የስግደትን ቦታ በጠየቀችው ጊዜ ከተራራ ወደ ተራራ አልላካትም። ይህን ጠቅሰን፥ «በአጥቢያችሁ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ሳሙ፤ እርስዋ ትበቃችኋለች» እያልን ጠያቂዎቻችንን እናሰናብት ነበር። መልሱ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ቅዱስ ጎርጎርዮስ ይህን የጻፈው ኢየሩሳሌም ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ እኛ ግን የትም ሳንሄድ የእርሱን ቃል ለስንፍናችን መሸፈኛ አድርገነው ነበር።

ደግሞም ቦታ ምንም አይደለም ብሎ መደምደም አይቻልም። ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው በአንድ በታወቀ መሬት ላይ ነው። ያዕቆብ ተንተርሶት ያደረውን ድንጋይ ዘይት አፍስሶበታል። የኤልሳዕ ዐፅም የነካውን ሙት አስነሥቶአል። ቃል ሥጋ ሆነ ብለን የምናምን ሰዎች እግሩ የረገጠውን አፈር፥ የወዳጆቹ ዐፅም ያረፈበትን መቃብር እንደ ተራ ነገር ብንቆጥር የምናምነውን እንክዳለን። ስለዚህ ጥያቄው የሚያስጨንቀው ቦታው ቅዱስ ስለ መሆኑ ሳይሆን በቦታው የሚቆመው ሰው ምን ሆኖ ስለ መቆሙ ነው። ይህን ግን የተማርነው ከመጽሐፍ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. በበዓለ ሃምሳ ለአገልግሎት በጀርመን አገር ሳለን፥ በዚያ የሚኖሩ ምእመናን ወደ ቱርክ አገር ለመሄድ ተሰናድተው «የኔታ፥ እርስዎ ይምሩን» ስላሉን አብረናቸው ሄድን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያች አገር ለእኛ ለካህናት እንግዳ አይደለችም። ሳናያት በቃላችን እናውቃታለን። ሠለስቱ ምዕት በ325 የተሰበሰቡባት ኒቅያ በዚያ ናት፤ እኛም በስማቸው የተጠራውን ቅዳሴ እንቀድሳለን። ባስልዮስ ከቀጰዶቅያ ነው፤ ጎርጎርዮስም እንዲሁ። በልጅነታችን፥ ደበሎ ለብሰን፥ ቁራሽ ለምነን፥ በሣር ጎጆ ሆነን ስማቸውን የተማርንላቸው አባቶች አገር ነውና ልባችን በደስታ ይዘል ነበር።

በኢስታንቡል፥ በጥንት ስሟ በቁስጥንጥንያ፥ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሐጊያ ሶፊያ ነው። ይህ ታላቅ ሕንፃ በንጉሥ ዮስጥንያኖስ ትእዛዝ ከ532 እስከ 537 ተሠርቶ እስከ 1453 ድረስ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ኖረ፤ ከዚያም መስጊድ ሆነ፤ በ1934 በተደረገ ውሳኔ ሙዚየም እንዲሆን ተደረገ፤ በ2020 ሐምሌ ወር ደግሞ እንደ ገና ለእስላሞች ጸሎት ተከፈተ። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በተደረገው ሥርዓት ከውጭ አገር የሚመጣ ጎብኚ በሌላ በር ገብቶ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ የከፈልነውም በነፍስ ወከፍ 25 ዩሮ ነበር። ጉልላቱ ከጎን እስከ ጎን 31 ሜትር ያህል ነው፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ግን ሜትሩን የሚያስብ የለም።

ከምእመናኑ አንዱ ጎልማሳ በዚያ ቆሞ አለቀሰ፤ ካለቀሰም በኋላ በታችኛው ወለል በሚሰግዱት ሰዎች ላይ የመረረ ቃል ተናገረ። እንባውን አከበርንለት፤ ቃሉን ግን ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። አንዳንድ ሰዎች ዮሐንስ አፈ ወርቅ በዚህ ጉልላት ሥር ሰበከ ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። እርሱ የሰበከበት ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ በዚሁ ስፍራ የነበረው ሲሆን፥ የተቃጠለውም እርሱ በ404 ወደ ስደት በተወሰደ ጊዜ በተነሣው ሁከት ነው። ያሳደዱትም ጳጳሳትና ነገሥታት ክርስቲያኖች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተሠራውን ሁለተኛውን ቤት በ532 የከተማው ሕዝብ በንጉሡ ላይ ሲነሣ እሳት በላው። ሦስተኛውን፥ ዛሬ ቆሞ ያለውን፥ በ1204 ከምዕራብ የመጡ መስቀል የለበሱ ወታደሮች ገብተው ንዋየ ቅድሳቱን ዘርፈዋል። 1453 የመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ለዚያ ቤት የሚያለቅስ ሰው ልቅሶውን ከውስጥ ቢጀምር ይገባዋል። በታች የሚሰግዱትም ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ በላይ ያለነው እኛ ግን ጫማችንን እንደ ተጫማን እንጫጫ ነበር።

በዚያው ፎቅ በደቡብ በኩል የጌታችን ሥዕል አለ፤ እመቤታችንና መጥምቁ ዮሐንስ በግራና በቀኝ ቆመው ይለምኑታል። ሥዕሉ በጥቃቅን ባለ ቀለም ጠጠር የተሠራ ነው። የታችኛው ክፍል በብዛት ረግፎ ፊታቸው ብቻ ቀርቶአል። ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ እኛም አነሣን። ማታ በማደሪያችን ስንቈጥር ዐሥራ አንድ ሆነው አገኘናቸው፤ በሥዕሉ ፊት ግን አንዲት «እግዚኦ መሐረነ» ማለታችን ትዝ አላለንም።

በማግሥቱ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ፋናር በሚባለው ሰፈር ባለው በግሪኮች መንበረ ፓትርያርክ ቤተ ክርስቲያን የዮሐንስ አፈ ወርቅና የጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ዐፅም አለ፤ በ2004 ኅዳር ወር ከሮም የተመለሰ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ የዕብራውያንን መልእክት የተረጎመበትን ድርሳን ከየኔታችን እግር ሥር ቁጭ ብለን የተማርን ሰው፥ ዐፅሙ ካለበት ቤት ስንገባ እግራችን ተንቀጠቀጠ። በዚያን ሰዓት ግን ጥቂት አረጋውያን የሠርክ ጸሎት ያደርሱ ነበር። እኛም ወደ ዐፅሙ ለመድረስ ቸኩለን በመካከላቸው አለፍን፤ ተከታዮቻችንም መሪያቸውን አይተው ተከተሉን። አንዲት አሮጊት መጽሐፋቸውን ዘግተው ቦታ ለቀቁልን። አልተቆጡም። ፊታቸውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ላሊበላ የሚያገለግሉ ወንድሞቻችን ስለ ጎብኚዎች የሚያሰሙትን እሮሮ ስንቱን ጊዜ ሰምተናል! በልደት ሌሊት ዲያቆናቱ ሲያሸበሽቡ ካሜራውን በፊታቸው የሚደቅነውን፥ በቅዳሴ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚለውን፥ ቤተ መቅደሱን እንደ ቲያትር ቤት የሚያየውን ፈረንጅ አብረን ወቅሰናል። በፋናር ያ ፈረንጅ እኛ ነበርን። ልዩነቱ እኛ ጥምጥም መጠምጠማችን ብቻ ነው።

ስለ ኬልቄዶንም አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አይገባም። ዛሬ ካዲኮይ ይባላል፤ ከኢስታንቡል በጀልባ የሚሻገሩት የገበያ ሰፈር ነው። በ451 ያ ጉባኤ የተደረገበት የጥንቱ የቅድስት አውፎምያ ቤተ ክርስቲያን አሁን የለም። ይህን ባየን ጊዜ በልባችን ውስጥ አንድ የተሰወረ ደስታ ተሰማን፤ ክርክሩን ድንጋይ የፈረደልን መሰለን። ወዲያው ግን ኒቅያስ? አልን። ሠለስቱ ምዕት የተሰበሰቡበት አዳራሽ ዛሬ የት አለ? ድንጋይ መፍረሱ የሃይማኖትን ስሕተት የሚያስረዳ ከሆነ ከኬልቄዶን በፊት ኒቅያ ይፈረድባታል። ያንን ደስታ ለንስሓ አባታችን ተናግረነዋል፤ እዚህ የጻፍነውም በዚህ መንገድ የሚሄዱ ካህናት ሁሉ እንዲጠነቀቁት ነው።

ከዚያ ወደ ኢዝሚር፥ በራእየ ዮሐንስ ሰምርኔስ ወደ ተባለችው ከተማ፥ ተጓዝን፤ ከእርስዋም በመኪና ወደ ኤፌሶን ወረድን። ኤፌሶን በጥንት ዘመን የባሕር በር ነበረች። ወንዙ ከዘመን ወደ ዘመን ደለል እያመጣ ወደቧን ደፈነው፤ ባሕሩም ሸሽቶ ከተማዋን በሜዳ መካከል ትቶአት ሄደ። ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት መጀመሪያ የተጻፈላት እርስዋ ናት፤ ንስሓ ካልገባች መቅረዟ ከስፍራው እንደሚወሰድ የተነገራትም እርስዋ ናት። ይህን ቃል በአንድምታ ብዙ ጊዜ ተርጕመነዋል። በዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ መተርጐም ግን ሌላ ነው።

በ431 ቅዱስ ቄርሎስና አብረውት የነበሩት አባቶች ንስጥሮስን ያወገዙት ማርያም በተባለች ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ የጉባኤው መጽሐፍ ይመሰክራል። ዛሬ በዚያ ስም የሚታወቀው ፍርስራሽ ረጅም ነው፤ ጣራ የለውም፤ በዐምዶቹ መካከል ሣር በቅሎአል። በሰሜን በኩል የጥምቀት ቤቱ ከሌላው ይልቅ ተርፎ ይታያል፤ በመካከሉም ተጠማቂዎች በደረጃ የሚወርዱበት ጉድጓድ አለ። እኛም ምእመናኑን በዚያ ሰብስበን ማስተማር ጀመርን። ስለ ንስጥሮስ ኑፋቄ፥ ስለ ቄርሎስ ዐሥራ ሁለቱ ውግዘቶች፥ ስለ አንጾኪያው ዮሐንስ መዘግየት፥ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ ስለ መባልዋ አንድ ሰዓት ያህል ተናገርን። ፀሐዩ ብርቱ ነበር። በንግግራችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ለምን እንዋሻለን?

ስንጨርስ ከማኅበሩ አንዲት እናት፥ በጀርመን አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩ፥ ከጥምቀቱ ጉድጓድ አጠገብ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«የኔታ» አሉን፤ «እዚህ ስንት ልጅ ክርስትና ተነሥቶ ይሆን?»

«እጅግ ብዙ ነው፥ እናቴ፤ ቍጥሩን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው» አልናቸው።

«ታዲያ አሁን ተዝካራቸውን የሚያወጣ ማን አለ?»

ለዚህ ቶሎ መልስ አላገኘንም። በዚያ አገር የነበሩት ግሪኮች በ1923 በተደረገው የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት ምክንያት ወደ ግሪክ እንደ ሄዱ፥ ለኤፌሶን ቅርብ የሆነችው ሺሪንጄ የምትባለው የተራራ መንደርም እስከዚያ ዘመን ድረስ የክርስቲያኖች መንደር እንደ ነበረች፥ የልጅ ልጆቻቸው በግሪክ እንደሚያስቧቸው ነገርናቸው።

«እነርሱስ ልጆች አሉአቸው፤ ከእነርሱ በፊት የነበሩትስ?» አሉን። ቀጥለውም ዝግ ባለ ድምፅ፥ «ይህን ያህል ስንቆም አንድ አባታችን ሆይ እንኳ አላደረስንላቸውም» አሉ።

ተግሣጽ አልነበረም፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ነው የተናገሩት። እኛ ግን አፈርን። ሁላችንም ቆመን አባታችን ሆይና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል አደረስን። አስጎብኚው ጥቂት ራቅ ብሎ ጠበቀን።

ያን ቀን ማታ ስለ ሁለት ቃላት ስናስብ አመሸን። በቋንቋችን ጎበኘ ማለት ዞሮ አገር ማየት ብቻ አይደለም። ገበሬ እርሻውን ይጎበኛል፤ እረኛ መንጋውን ይጎበኛል፤ ከሁሉም ይልቅ የታመመና የታሰረ ሰው ይጎበኛል። በግእዝም ሐወጸ ጎበኘ ደግሞም ጠየቀ ይሆናል። ጌታችን በፍርድ ቀን የሚጠይቀን ይህንኑ ጉብኝት ነው። ቃሉን ከሕመምተኛው አልጋ አንሥተን ለመንገደኛው ካሜራ የሰጠነው እኛ ነን። ተሳላሚ የሚለውም ከሰላምታ የወጣ ነው፤ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ሰላምታውን የሚቀበል በዚያ እንዳለ ያምናል። ሰው የሌለበት ቤት ደጅ ላይ ቆሞ እጅ የሚነሣ የለም።

እንግዲህ የፈረሰ ወይም የተማረከ ቤተ ክርስቲያን እንደ ታመመ ሰው ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ወደ ታመመ ሰው ዘንድ የሚሄድ ሰው ቁስሉን ለማየት አይሄድም፤ ቢያየውም አፍጥጦ አያየውም። ባዶ እጁን አይገባም። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከታማሚው ራስጌ ቆሞ የበሽታውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይተርክም፤ እኛ በኤፌሶን ያደረግነው ግን ልክ ይህንኑ ነበር። ታሪክ ማወቅ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ማንን እንደሚጠይቅ እንኳ አያውቅም። ታሪኩ ግን በመንገድ፥ በመኪና ውስጥ፥ ማታ በማደሪያ ሊነገር ይችላል።

ፍርስራሽን ሄዶ ማየት በመጽሐፍ የታዘዘበት ጊዜም አለ። ነቢዩ ኤርምያስ በቤተ መቅደሱ የተመኩትን ሰዎች ቀድሞ ታቦቱ ወደ ነበረባት ወደ ሴሎ ሄደው እግዚአብሔር ያደረገውን እንዲያዩ በጌታው ቃል ልኮአቸዋል። ወደ ሴሎ የተላኩት ስለ ሴሎ ሰዎች ክፋት እንዲያወሩ አይደለም፤ ስለ ራሳቸው ቤት እንዲፈሩ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን መቅረዛችን እስከ ዛሬ በስፍራው ስላለ በሌሎች ፍርስራሽ መካከል ስንመላለስ ኩራት ቶሎ ያገኘናል። የቄርሎስ ቅዳሴ በአገራችን ገጠር፥ መብራት በሌለበት ደብር፥ ዛሬም ይቀደሳል፤ ይህ እውነት ነው፥ እግዚአብሔርም ይመስገን። ያን ደብር የሚያገለግሉት ካህን ግን ልብሰ ተክህኖአቸው ተቀዶ፥ ጣራው አፍስሶ፥ ተማሪ አጥተው እንደ ሆነ የምናውቅ ስንቶች ነን? ለሐጊያ ሶፊያ 25 ዩሮ የከፈለ ሰው የተወለደበትን አጥቢያ ከጎበኘ ስንት ዓመቱ ነው? ይህን ለምእመናኑ ብቻ አንናገርም፤ እኛም ዳዊት የደገምንበትን ደብር ካየነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎናል።

ከኤፌሶን ወደ ሴልጁክ ወጥተን በኮረብታው ላይ የወንጌላዊው ዮሐንስን መቃብር ተሳለምን። ስንክሳራችን በጥር 4 እንደሚናገረው ዮሐንስ ወደ ተቈፈረለት መቃብር ገባ፤ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ቢሄዱ አላገኙትም። መቃብሩ ዛሬ በአራት ትንንሽ ዐምዶች መካከል ያለ የእብነ በረድ ወለል ነው። በዚያ ያስተማርነው ጥቂት ነበር፤ አንድ ምዕራፍ ከወንጌሉ አንብበን ወረድን።

ወደ ጀርመን ከተመለስን ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ እኒያ እናት በስልክ ጠሩን። «የኔታ፥ በቤቴ ጸበል ጻድቅ ላዘጋጅ አስቤአለሁና መጥተው ይባርኩልኝ» አሉን። ለማን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው «ለኤፌሶን ሰዎች» ብለው መለሱ። በዚህ ብዙ አሰብን። ለሙታን በሚደረግ ጸሎት የክርስትና ስም ይጠራል፤ የእነዚያን ስም ግን የሚያውቅ የለም። ከ451 በኋላ የነበሩት ደግሞ ግማሾቹ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉ ነበሩ፤ የቀሩትም፥ እንደ ታሪክ ጸሓፊው እንደ ዮሐንስ ዘኤፌሶን፥ ከእኛ ጋር አንድ ሃይማኖት የያዙ ናቸው፤ በአንድ መቃብር ስፍራ ተደባልቀው ተኝተዋል። ከሺህ ዓመት በላይ ላለፋቸው፥ በሥጋ ለማይዛመዱን ሰዎች ተዝካር ማውጣት በቀኖና ተጽፎ እንደ ሆነ መጻሕፍቱን ገለጥን፤ የሚያዝም የሚከለክልም ቃል አላገኘንም።

በተባለው ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ስንሄድ ይህን ሁሉ ልናስረዳቸው አስበን ነበር። ጎረቤቶቻቸውና አብረውን የተጓዙት ምእመናን ተሰብስበው ቆዩን፤ በኢስታንቡል የመረረ ቃል የተናገረው ጎልማሳም ከመካከላቸው ነበረ፤ ውኃ በእጃችን የሚያፈስስልን እርሱ ነበር። ስለ ስማቸው ነገር ከመጀመራችን እናቲቱ «ስማቸውንማ ያጠመቃቸው ያውቀዋል» አሉን። ስለ ሌላው ልንቀጥል ስንል ድፎው ከነትኵሳቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በፊታችን ቀረበ፤ ተነሥተንም ባረክነው።